ዘካሪያስ ማሽኑን ዝም ያሰኘ ጊዜ

ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ወላሂ ጆሮዬን ያመኛል። ስለ ዘካሪያስ አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ ይጨምርበታል፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ያየ ይመስል እጁን እያወራጨ ይተርካል። አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ራቢዓ እባላለሁ፤ ቆቦ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ማረፊያ የእኔ ነው፣ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ እኔንም አፌንም ያውቃል። እንግዲህ ስሙኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዕቃ ቤቴ ነው። እዚያ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ጥቁር ማሽን አለ፤ ሰርቨር ይሉታል። ያስገባሁት ለዋይፋዩ ብዬ ነው። ዛሬ ያለ ዋይፋይ ማን አልጋ ይይዛል? እንግዳው ሻንጣውን ሳያወርድ ነው "ፓስወርዱ ምንድን ነው?" የሚለኝ፤ ውሃ አለ ወይ እንኳ አይልም።

ማሽኑን ያቆመልኝ ዘካሪያስ ነው። የሮቢት ልጅ ነው፤ ወልድያ ሄዶ ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት እኔ ዘንድ አስገባሁት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነበር። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው አልሰለቸኝም።

"እትዬ ራቢዓ፣ ስልክ ስም አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። እንግዳው ፌስቡክ ልክፈት ሲል ስልኩ መጀመሪያ ይሄ ማሽን ዘንድ መጥቶ 'የፌስቡክ ቤት የት ነው?' ብሎ ይጠይቃል። ማሽኑ ቁጥሩን ይነግረዋል። ዲኤንኤስ ነው የሚባለው።"

"ደላላ ነዋ!" አልኩት።

ሳቀ። "ደላላ ነው። ግን ማን እንደመጣ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ሁሉንም የሚጽፍ ደላላ ነው።"

"እንዲህ ያለ ደላላ አላህ ያርቅልኝ" አልኩና ወደ ወጥ ቤቴ ሄድኩ። ያኔ በቀልድ ነበር ያልኩት።

አምና በበጋው የዘካሪያስ ታላቅ ወንድም ይርጋ ተገደለ። በመስኖ ውሃ ተራ ነው የተጣሉት፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው፣ የለም የእኔ ነው፤ በቃ፣ ይቺው ናት። አንድ ሽንኩርት ሳይጠጣ ይርጋ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። የተኮሰው እንዳለው የሚባል ልጅ ነው። እንዳለው ደግሞ ማን መሰላችሁ? የዘካሪያስ ጓደኛ። አብረው የተማሩ፣ አብረው እዚህ እኔ ቤት ኳስ ሲያዩ ያመሹ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ ልጆች። እንዳለው ተኩሶ ወደ አፋር በረሃ ጠፋ፤ የስልኩንም ቁጥር ቀየረ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይርጋ ልጅ አልነበረውም፣ አባታቸውም ቀደም ብሎ ሞቷል። ስለዚህ ደሙ ዘካሪያስ ላይ ወደቀ። በእኛ በራያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፦ የወንድሙን ደም ያልመለሰ ወንድ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ቦታ አይለቅለትም። ደመኛውን በዓይኑ አይቶ ያለፈማ ከዚያም የባሰ ነው፣ ስሙን የሚጠራው የለም። ያላየ ግን አይጠየቅም። የደም ሽማግሌዎቻችን ዘወልዶቹ እርቁን እስኪያበስሉ ድረስ ገዳዩን ከአገር የሚያርቁትም ለዚሁ ነው፤ ዓይን ካላየ እጅ አይዘረጋም።

ዘካሪያስ መግደል አልፈለገም። ይህን ከአፉ ነው የሰማሁት፣ ማንም አይከራከረኝ። "ይርጋን ሳስብ ሆዴ ይቃጠላል፤ እንዳለውን ገድዬ ግን ምን ላደርገው ነው?" አለኝ አንድ ቀን፣ ራውተሩን እየጠረገ። ሽማግሌዎቹ ሥራ ጀምረው ነበርና እሱ ያንን ነበር የሚጠብቀው። እናቱ ፀዲም እንደሱ ናት። ጓደኛዬ ናት ፀዲ፤ ከጎብዬ ገበያ አብረን ነው የምንመለሰው። ይርጋ በተቀበረ ሰሞን ወጥ ቤቴ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ "አንዱን አፈር በላው። አንዱን ጠብቂልኝ፣ ራቢዓ። እርቅ ይሁን፤ ደሜን ለእግዜር ሰጥቻለሁ" ብላ እጄን ሳመችኝ። ይህን አስታውሱልኝ ብዬ አይደለም፤ እንዲያ ስላለች ነው።

አጎታቸው አራጌ ግን ሌላ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም፣ አፌ እምቢ ይለኛል። ክላሹን ሲተኛም የሚፈታት አይመስለኝም። አንድ ጅል ሹፌር ሻይ እየጠጣ፣ "የራቢዓ ማሽንማ የሰዉን ስልክ ሁሉ በስም ያውቃል፤ ማን እንደገባ ይጽፋል" ብሎ ሲያወራ ሰማ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ መጣና ዕቃ ቤቴ በር ላይ ቆመ።

"ዘካሪያስ፣ የእንዳለውን ስልክ ይሄ ዕቃ ያውቀዋል?"

"ከመጣ ያውቀዋል፣ አያ።"

"እንግዲያው አንብብልኝ።"

አራጌ አማርኛ ያነባል፤ የፈረንጅ ፊደል ግን አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ አንባቢ ይዞ ይመጣ ነበር። እሱ ግን የሰው ዓይን ሳይሆን መሐላ ነው የሚያምን። ከማንበቡ በፊት ልጁን አቁሞ፣ "በይርጋ ደም ማል። ያለውን ልታነብልኝ ማል" አለው። ዘካሪያስ ማለ። በወንድሙ ደም የማለ ሰው ደግሞ አይዋሽም፤ ቢዋሽ ደሙ ይፋረደዋል፣ እንዲህ ነው የምናውቀው።

ያን ቀን የነበረውን ብታዩ! ማሽኑ ላይ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ አንዱን ሳያነብ አሥሩ ይመጣል። "የሙሴ ስልክ ገባ። ፌስቡክን ጠየቀ። ቴሌግራምን ጠየቀ። የሙሉ ስልክ ገባ። ቁማር ቤቱን ጠየቀ..."

"የትኛው ሙሉ? የጎብዬው? የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤው?" አለ አራጌ።

"እሱን አላውቅም፣ አያ።"

"ቁማር! አይ ሙሉ! ቀጥል።"

እኔ በሳቅ ልሞት ነበር፤ ልጁ ግን ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ምክንያቱም ከነዚያ ጉንዳኖች መሀል አንዱ እንዳለው የሆነ እንደሆነ ማንበብ አለበት፤ ካነበበ አየ ማለት ነው፤ ካየ ደግሞ አለቀ። አራጌ ፀሐይ እስኪያዘነብል ቁጭ ብሎ አስነበበውና፣ "በየገበያው ቀን እመጣለሁ" ብሎ ሄደ። መጣም። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ለገበያ ያመጣውን ፍየል አጥር ላይ አስሮ፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ጆንያዬ ላይ ይቀመጣል። ልጁ መክሳት ጀመረ። የሚበላውን እኔ ነኝ የማቀርብለት፣ አየዋለሁ እኮ፣ ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል።

አንድ ቀትር ላይ ሽንኩርት ላወጣ ብገባ ከማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ፊቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈታ ብሏል።

"ምን አገኘህ?"

"ዝም ላሰኘው ነው፣ እትዬ ራቢዓ።"

"ማንን?"

"ማሽኑን። የሚጽፈው ነገር ደረጃ አለው። ተራ ወሬ አለ፦ እገሌ ገባ፣ እገሌ ጠየቀ። ከዚያ በላይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ስህተት አለ፣ ነገር ሲበላሽ ማለት ነው። ከማስጠንቀቂያ በታች ያለውን ሁሉ አትጻፍ እለዋለሁ። ሥራውን ይሠራል፤ እንግዶቹም ኢንተርኔታቸውን ያገኛሉ። ወሬውን ብቻ ይተዋል።"

"ታዲያ ጭራሽ አፉን ለምን አትዘጋውም?"

"ጭራሽ ከዘጋሁት ቢበላሽ በምን አውቃለሁ? ደግሞ አያ አራጌ ሞኝ አይደሉም። ገጹ ክፍት ሆኖ፣ መብራቱ እየበራ፣ ግን የሚነበብ ሳይኖር ነው የሚሻለው።" ወደ እኔ ዞረ። "በወንድሜ ደም ምዬ አልዋሽም። ማሽኑ ያላለውን ግን ምን ብዬ አነባለሁ? ካላነበብኩ አላየሁም። ካላየሁ አልጠየቅም።"

ብልህ ነው አልኩ። ምን ልበል? ኮምፒውተር የተማረም ሰው የራያ ሰው ነው፤ የአባቶቹን ሕግ በማሽን ቋንቋ ጻፈው። እዚያው ቆሜ ቁልፉን ሲጫን አየሁ። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው፣ ጥቁሩ ገጽ መጣ፣ ጉንዳኖቹ የሉም። እኔ በስልኬ ዋይፋዩን ሞከርኩ፤ ይሠራል። ገጹ ላይ ግን ራቢዓ ገባች የሚል የለም። ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን።

በገበያው ቀን አራጌ መጣ። ዘካሪያስ ማለ፣ ገጹን ከፈተ፣ ባዶ።

"ምን ሆነ?"

"ተጨናንቆ ነበር፣ አያ። እንግዶቹ ኢንተርኔቱ ዘገየብን ሲሉ አጠራሁት። አሁን የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የሚጽፍ።"

አራጌ ባዶውን ገጽ አየው፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ሰው ሆነ። ያን ጊዜማ የሴት ገበያ ነበር የሚመስል። ታዲያ ምንም ካልጻፈ አልመጣም ማለት ነው?"

"ምንም አልጻፈም፣ አያ።"

ይቺ መልስ እንዴት ያለች ናት! ውሸት የለባትም። አራጌ ሻዩን ጠጥቶ ፍየሉን ፈትቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግ ነበር። ገጹ ባዶ፣ አራጌም ከጆንያው ቶሎ ይነሳል። ሽማግሌዎቹ እየተመላለሱ አለሰለሱት፤ "ልጁ አገር ጥሎ ጠፍቷል፣ አልናቃችሁም፣ ፊታችሁም አልመጣም" ሲሉት የሚመልሰው እያጣ መጣ። ማሽላው ይታጨድና እንነጋገራለን እስከማለት ደረሰ። አራጌ እንዲህ አለ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ዘካሪያስ መብላት ጀመረ። ፀዲ እንኳ አንድ ቀን ነጭ ነጠላ ለብሳ መጣች።

አላህ ግን የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። የእንዳለው እናት ታመመች። ከማረፊያዬ ጓሮ አጥር ወዲያ ክሊኒክ አለ፤ እዚያ አስተኟት። ሆዷ ነው አሉ፣ አትተርፍም አሉ። ዘካሪያስ ሰምቷል። "አይመጣም። እርቁ እዚህ ደርሶ አይመጣም፣ ሞኝ አይደለም" አለኝ። እኔ አላመንኩትም። እናቱ እየሞተች የማይመጣ ልጅ ማን ወለደ?

ያ የገበያ ቀን ጠዋት ፀሐዩ ገና ሲወጣ የሚጠብስ ነበር። አራጌ እንደ ልማዱ ፍየሉን አስሮ ገባ። እኔ ሻዩን ይዤ ተከተልኩ። ዘካሪያስ ማለ። ገጹን ከፈተ።

አንድ መስመር አለ።

አንድ ብቻ። ጥቁሩ ገጽ መሀል ነጭ ሆና ተጋድማለች። ያ ሁሉ ጉንዳን በሚርመሰመስበት ጊዜ ቢሆን እሷን ማን ያያት ነበር? ገና ከመታየቷ በስንት የፌስቡክ ጥያቄ ተገፍታ ከታች ትቀበር ነበር። አሁን ግን የፈረንጅ ፊደል የማያውቀው አራጌ እንኳ አያት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፤ ያረቢ!

"ዛሬ ጽፏል" አለ አራጌ። ክላሹን ከጉልበቱ አነሳት። "ምን ይላል?"

እኔ ከልጁ ትከሻ በላይ አየሁ። እንግሊዝኛ ባልችልም ስም መለየት አያቅተኝም። ስሙ እዚያ ነበር። ጽሑፉ ምን እንደሚል ኋላ ያስረዳኝ ካሜራ የሚተክለው የወልድያ ሰውዬ ነው። ለካ ድሮ ጓደኛሞች ሳሉ ዘካሪያስ ለእንዳለው ስልክ ከማሽኑ ላይ ለብቻው የሆነ የዋይፋይ ቁጥር አስይዞለት ኖሯል፤ ለወዳጅ ወንበር እንደምትይዙት። ሰውየው ጠፋ፣ ቁጥሩ ቀረ። በዚህ መሀል እኔ ለጓሮው ካሜራ ገዛሁ፤ የተከለውም ሰው ሳያውቅ ካሜራውን በዚያው ቁጥር ላይ አስቀመጠው። እንዳለው እናቱ ዘንድ ክሊኒኩ ገብቶ ሲቀመጥ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ የድሮውን ዋይፋይ አሸተተ። ማንም ሳያዘው ገባና ቦታዬ የት ነው አለ። ቦታው ላይ ካሜራው ተቀምጧል። ሰው መጣ ማለት ለማሽኑ ተራ ወሬ ነው፤ ሁለት ዕቃ በአንድ ቁጥር ሲጣላ ግን ተራ ወሬ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነው። ዘካሪያስ ደግሞ እንዲያ ያለውን ጻፍ ብሎታል።

ያኔ እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ስሙን ማየቴን ነው።

"ምን ይላል እኮ ነው የምልህ! ምለሃል!"

"ካሜራው ነው" አለ ዘካሪያስ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "የጓሮው ካሜራ ቁጥር ተጋጭቷል ይላል።"

"ካሜራ?"

"ካሜራ፣ አያ።"

እውነትም ካሜራው አለበት። ግማሹን አነበበ፣ ግማሹን ዋጠ። አራጌ ገጹን አይቶ፣ ልጁን አይቶ፣ እኔንም አየኝ። እኔም ሻዩን አስቀመጥኩና፣ "ያ ካሜራ ከተገዛ ጀምሮ ሰላም አልሰጠኝም፤ ሌባ እንጂ ካሜራ አልገዛሁም!" ብዬ ጮህኩ። የሆነውን ሁሉ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያችን በመጮሄ ግን አልጸጸትም። አራጌ ክላሹን ትከሻው ላይ አደረገና፣ "ፍየሉን ሸጬ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ደግሞ በክሊኒኩ በር ነው የሚያልፈው።

ዘካሪያስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "መጥቷል። እናቱ ዘንድ ነው።"

"አይቻለሁ። እኔ ልሂድ፣ በጓሮ ገብቼ ልንገረው!"

"እርስዎን አያምንም። ወጥመድ ነው የሚመስለው። እኔን ያምነኛል፤ ጓደኛዬ ነበር።"

"ያበድክ ልጅ! አንተማ ደመኛው ነህ!"

"አያ አራጌ በሩ ላይ ሳይደርሱ ላስወጣው፣ እትዬ ራቢዓ። አንድ ቃል ነው የምነግረው።"

ክንዱን ያዝኩት፤ ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። ባዶ እጁን ነው የሄደ። ስልኩ እንኳ ከማሽኑ አጠገብ ቀርቷል። በጓሮ አጥሩ ክፍተት ሾልኮ ሲሮጥ አየሁት፤ ሸሚዙ ከኋላው ይውለበለባል።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ የውሃ ታንከር አለ። እንዳለው ራሱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ለእናቱ በጀሪካን ውሃ እየቀዳ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ይህን የነገረችኝ እዚያ የነበረችው ነርስ ጽጌረዳ ናት። ዘካሪያስ እየሮጠ መጣ። መጮህ ፈራ፣ መዘግየትም ፈራ፤ ሰውየው ደግሞ ዞር አላለም። ያን ጊዜ በስሙ ጠራው። "እንዳለው!" አለው።

ምን በደለ? ሰው ጓደኛውን በምን ይጠራል? ግን በእኛ አገር ደም መላሽ ከኋላ አይተኩስም፤ ወንድ ከሆነ የደመኛውን ስም ጠርቶ፣ አዙሮ፣ ፊቱን አይቶ ነው የሚተኩስ። ይህን የማያውቅ ልጅ ራያ ውስጥ አልተወለደም። እንዳለው ስሙን ሰማ፣ ዞረ፣ የይርጋ ወንድም እየሮጠ ሲመጣበት አየ። ሽጉጡን አወጣ። ጽጌረዳ እንዳለችው ዘካሪያስ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ሂ..." ብሎ ጀመረ፤ "ሂድ" ሊለው ይሁን ሌላ እሷ አላወቀችም። እኔ አውቃለሁ።

ተኩሱን ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ስደርስ ጀሪካኑ ተገልብጦ ውሃው እግሩ ሥር ይፈሳል፣ ልጁ በጎኑ ተኝቷል፣ ዓይኑ ክፍት ነው። ጭንቅላቱን አቀፍኩት። "ልጄ፣ ዘካርዬ፣ አብሽር" እላለሁ፤ ማንን ነው የማጽናና? ነፍሱ ወጥታለች። እንዳለው አጥር ዘሎ አመለጠ፤ እናቱም በዚያው ቀን ሞተች አሉኝ፣ ውሃውን ሳትጠጣ።

አራጌ ከበሩ ደርሶ ኖሮ ሮጦ ገባ። አየ። ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? "ደብቆኝ ነው!" አለ። "ማሽኑ ነግሮታል፤ ለብቻው ሊመልሰው ደበቀኝ! ባዶ እጁን! በስሙ ጠርቶ! አንበሳ! የእኔ አንበሳ!" ያለቅሳል፣ ይፎክራል፣ ጥይቱን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ያ የልጁ ጭንቀት፣ ያ ላቡ፣ ያ ባዶ ገጽ፣ ሁሉም በአንድ አፍ ጀግንነት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? በቀብሩ ቀን የሮቢት ወንድ ሁሉ ተኮሰ። ድንኳኑ ውስጥ አንዷ አልቃሽ ተነስታ "ስም ጠርቶ ገቢው" ስትለው ወንዶቹ ክላሻቸውን ነቀነቁ። ዘወልዶቹ መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ የሚያናግራቸው የለም። አራጌ የበኩር ልጁን አስነስቶ ዝናር አስታጠቀው። የሁለት ሰው ደም ነው አሁን፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የእንዳለው ወገኖች ይነሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ እነዚህ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ሰማሁ። ልቆም፣ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፦ ውሸታሞች! ይህ ልጅ ደም እንዳይፈስ ብሎ ነው የሞተው!

ግን መጀመሪያ ለእናቱ አልኩ። ፀዲ ከሰማች ይበቃል፤ እሷ ቆማ "ልጄ ለእርቅ ነው የሞተ" ካለች አራጌም ቢሆን አፉን ይይዛል። ሽማግሌዎቹም የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። የእናት ቃል በለቅሶ ላይ ይከብዳል።

ከድንኳኑ ጀርባ ጠራኋት። ፊቷን ቧጭራው ደሙ ደርቋል። ሁለት እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ።

"ፀዲ፣ ልጅሽ ሊገድል አልሄደም። በእጁ ምንም አልነበረም። አምልጥ ሊለው ነው የሄደ። ከእኔ ቤት ነው የወጣ፣ ከአፉ ነው የሰማሁ። ሽማግሌዎቹ እዚህ አሉ፣ እንንገራቸው። እዚህ ላይ ይቁም።"

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች። "ወልጄው አላውቀውም እንዴ?"

"ታዲያ ተነሺ፣ እንንገራቸው!"

"ዝም በይ።"

"ፀዲ!"

"ዝም በይ ብዬሻለሁ፣ ራቢዓ። ሊያድነው ሄዶ ሞተ ካልሻቸው ይታረቃሉ።" እጇን ከእጄ መንጭቃ አወጣች። "እርቅ ያልኩሽ አንድ ልጅ ሲቀረኝ ነው። አሁን ማን ቀረኝ? የልጆቼን ደም እፈልጋለሁ፤ የሁለቱንም።"

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። አራጌ ከነልጁ ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላት፤ እሷም ከወንዶቹ መሀል ገብታ ተቀመጠች።